በጣና ዳር የባዝራን ማሕፀን ጤና እንዴት እንደጠበቅሁ

በእኛ አካባቢ አንዲት ባዝራ ሁለት ዓመት ተከታትላ ድንጉላ ቀርቦላት ሳትይዝ ስትቀር «መካን ናት» ይባልና ለጋሪ ትሸጣለች፤ አለዚያም ጭነት ላይ ትውላለች። በባሕር ዳር መንገዶች ጋሪ ሲጎትቱ ከሚውሉት ባዝራዎች መካከል በዚህ ፍርድ ከቤታቸው የወጡ መኖራቸውን ባሰብሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ መካን የምትባል ባዝራ በተፈጥሮዋ የማትወልድ ሳትሆን፣ ማሕፀኗ በባክቴሪያ ተበክሎ ራሱን ማጽዳት የተሳነው ሊሆን እንደሚችል በራሴ ጋጣ አይቻለሁና። የምኖረው ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በዘንዘልማ በኩል ነው። ከአባቴ የወረስኋቸውንና በኋላም ከአዊ ገበያዎች የገዛኋቸውን ጥቂት ባዝራዎች ለፈረስና ለበቅሎ አረባለሁ። ከእነርሱ መካከል ሦስቱ፣ ማለትም ዳማዋ፣ አምባላይዋና ጉራቿ፣ መያዝ አቁመው ነበር። እነዚህን እንደገና ለማስወለድ ምን እንዳደረግሁ፣ የትኛው እንደጠቀመና የትኛው እንዳልጠቀመ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ከላም አስተሳሰብ መውጣት ያስፈልጋል። እኛ የፎገራ ላም በምትታወቅበት አገር ያደግን ሰዎች ስለ ስሪያ፣ ስለ ወሊድና ስለ እንግዴ ልጅ ያለን ዕውቀት ሁሉ የተቀዳው ከላም ነው፤ ባዝራ ግን በብዙ ነገር ከላም ትለያለች። ኮርማ ዘሩን የሚያፈስሰው ከማሕፀን አንገት በመለስ ነው። የድንጉላ ዘር ግን በድራት፣ ማለትም ባዝራዋ ድንጉላ በምትፈልግበት ጊዜ፣ ላልቶ የተከፈተውን የማሕፀን አንገት አልፎ በቀጥታ ወደ ማሕፀን ይገባል። ከዘሩ ጋር በድንጉላው ብልት ቆዳ ላይ የነበረው ባክቴሪያ፣ አቧራውና እድፉ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ማንኛይቱም ባዝራ፣ ጤነኛይቱም ጭምር፣ ከስሪያ በኋላ ለአጭር ጊዜ የማሕፀን ብግነት (መቆጣት) ይይዛታል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ማሕፀኑ ይጎርፋሉ፣ የማሕፀኑ ጡንቻ እየተኮማተረ ፈሳሹን በማሕፀን አንገት በኩል ወደ ውጭ ይገፋል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ሁሉም ነገር ይጸዳል። ፅንሱ ከላይኛው የእንቁላል ቱቦ ወደ ማሕፀን የሚወርደው እንቁላል ከወጣ በ6ኛው ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ጤነኛዋ ባዝራ ቤቷን አጽድታ ለመጠበቅ በቂ ጊዜ አላት።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ማጽዳት ሲጓደል ነው። ብዙ ጊዜ የወለደች ባዝራ ማሕፀኗ ረግቦ ከዳሌዋ ወለል በታች ወደ ፊት ይንጠለጠላል፤ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ውጭ ሽቅብ አይወጣላትም። በሌላ በኩል ሳትወልድ ዕድሜዋ የገፋ ባዝራ የማሕፀኗ አንገት በድራት ጊዜ እንኳ በሚገባ ስለማይላላ የገባው ፈሳሽ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። በተጠራቀመው ፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያው ይራባል፣ ብግነቱ ይቀጥላል፣ የወረደው ፅንስም መኖር የማይችልበት ቦታ ያገኘዋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጥያቄዬ ሁሉ «ባክቴሪያውን በምን ልግደለው?» ከሚለው «ማሕፀኗ ራሱን እንዲያጸዳ በምን ልርዳው?» ወደሚለው ዞረ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ሥራዎች በሙሉ ከዚህ ጥያቄ የመነጩ ናቸው።

መድኃኒት ከመግዛቴ በፊት ያደረግሁት ነገር ባዝራዎቹን ከኋላ ቆሞ በጥሞና ማየት ነበር፤ ይህን ያስተማረኝ ከከተማ የሚመጣልኝ የእንስሳት ሐኪም ነው። በጤነኛ ባዝራ የብልቷ ከንፈሮች ቀጥ ብለው የቆሙና በደንብ የተገጣጠሙ ይሆናሉ፤ ከቁመታቸውም ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ከዳሌ አጥንት ወለል በታች ይውላል። ከዚህ ወደ ውስጥ ሁለተኛ መዝጊያ የሚሆን የሥጋ እጥፋት አለ፤ ሦስተኛው መዝጊያ የማሕፀን አንገት ነው። ባዝራ ስታረጅ ወይም ስትከሳ ፊንጢጣዋ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና የብልቷን የላይኛውን ክፍል ወደ ፊት ጎትቶ ያጋድመዋል። ያን ጊዜ ፋንድያዋ በከንፈሮቹ ላይ ያርፋል፤ በተንቀሳቀሰች ቁጥርም አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሐኪሙ የዳማዋን ከንፈሮች በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ሲከፍታቸው አየር ሲገባ በጆሯችን ሰማን። «ይኸው በሩ ክፍት ነው፤ በሩን ሳንዘጋ ውስጡን ብናክም ምን ይረባል?» አለኝ።

ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት ካስሊክ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1937 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ቀላል ቀዶ ሕክምና እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የላይኛው የከንፈሮቹ ክፍል በማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ ከጠርዙ ቀጭን የቆዳ ሽፋን ይነሣል፣ ከዚያም ሁለቱ ጠርዞች ተሰፍተው አንድ ላይ እንዲገጥሙ ይደረጋል፤ ለሽንት የሚበቃው የታችኛው ክፍል ክፍት ይተዋል። ለዳማዋ ይህ ተደረገላት። ባለቤቱ መርሳት የሌለበት ነገር የተሰፋችው ባዝራ ከመውለዷ በፊት ስፌቱ መከፈት እንዳለበት ነው፤ ካልተከፈተ ግልገሉ ሲወጣ ሥጋዋን ይቀድዳታል። እኔ የሚከፈትበትን ወር በጋጣው በር ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ፤ ያን ጊዜ እኔ ባልኖር እንኳ ቤተሰቤ እንዲያየው ነው።

የአምባላይዋ ጉድለት ግን በስፌት የሚታከም አልነበረም፤ ከሥጋ መክሳት የመጣ ነበርና። በጣና ዳር ሐይቁ ሞልቶ የሚታየው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እየሸሸ ሲሄድ በሚተወው መሬት ላይ ሣር ይበቅላል፤ ግንቦት ሲደርስ ግን ያ ሣር ያልቃል፣ ፈረሱም ገለባ ብቻ ሲያኝክ ይከርማል። በከሳች ባዝራ ላይ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ስብ ይቀልጥና የተፈጥሮ መዝጊያዋ ይላላል። ስለዚህ የማሕፀኗን ሕክምና ከቀለብ ጀመርሁት። ከጤፍ ገለባና ከፎገራ ከማስመጣው የሩዝ ገለባ በተጨማሪ፣ በመስከረም መጨረሻ ታጭዶ የደረቀ ድርቆሽ፣ ትንሽ ገብስና ኑግ ፋጉሎ በየቀኑ ይሰጣት ጀመር፤ ጥርሷም ተሞረደላት። ሥጋዋ ሲመለስ የብልቷ አቀማመጥ በግልጽ ተስተካከለ። ብዙ ሰው ማሕፀንንና ቀለብን ለየብቻ ያያቸዋል፤ እኔ ግን ባዝራ አልያዝ ስላለችው የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ አስቀድሜ የምጠይቀው ምን እንደምትበላ ነው።

በሩ ከተዘጋና ቀለቡ ከተስተካከለ በኋላ ናሙና ማስወሰድ ተገባ። ናሙናው የሚወሰደው ባዝራዋ በድራት ላይ ስትሆን፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ያን ጊዜ የማሕፀን አንገቷ ይላላል፣ ማሕፀኗም ራሱን የመከላከል ኃይሉ የበረታ ነው። ሐኪሙ ጅራቷን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለ፣ ብልቷን ደጋግሞ በንጹሕ ውኃ አጥቦ አደረቀ፤ ከዚያም በድርብ ቱቦ የተሸፈነ የናሙና ጥጥ እስከ ማሕፀኗ አስገብቶ እዚያ ሲደርስ ብቻ ከሽፋኑ አወጣው። ይህ ሽፋን ለጌጥ አይደለም። የባዝራ ብልት የውጭው ክፍል በጤናም ጊዜ ባክቴሪያ የሞላበት ስለሆነ፣ ያልተሸፈነ ጥጥ ሲገባና ሲወጣ ያንኑ ይዞ ይመለስና ላቦራቶሪው ያላመመውን ማሕፀን «ታሟል» ይላል። በዚህም ምክንያት ሁለት ምርመራ ተደረገ፤ አንደኛው ባክቴሪያውን አብቅሎ መለየት፣ ሁለተኛው ከማሕፀኑ ግድግዳ የተነሣውን ሕዋስ በመስታወት ላይ ቀብቶና በቀለም አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ባክቴሪያ በቅሎ ነጭ የደም ሕዋሳት ካልታዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የገባ እድፍ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ሁለቱ አብረው ሲገኙ ግን የማሕፀኑ ብግነት እውነተኛ ነው።

በዳማዋ ስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒደሚከስ ተገኘባት፤ ይህ በባዝራ ማሕፀን ብግነት ዘንድ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ሲሆን፣ በፈረስ ቆዳና በጉሮሮው ላይ ጉዳት ሳያደርስ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በአምባላይዋ የተገኘው ኢ ኮላይ ነበር፤ የእርሱ መኖሪያ አንጀትና ፋንድያ ስለሆነ ከብልቷ መጋደም ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። ሁለቱም ውጤቶች በዓይን ያየነውን ጉድለት ነው ያረጋገጡት። ሐኪሙ እንደነገረኝ ክሌብሲዬላ ወይም ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ዓይናችን ወደ ድንጉላው መዞር ነበረበት፤ እነዚህ ከድንጉላ ወደ ባዝራ በስሪያ ሊተላለፉ ይችላሉና።

ወደ ሕክምናው ስመጣ በጽኑ የማምንበትን ነገር መናገር እወዳለሁ። በየገበያው የሚሸጠውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቶ ያለ ምርመራ ባዝራ ላይ ማፍሰስ ወይም መውጋት ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ማሕፀን ውስጥ በየጊዜው የሚጨመር አንቲባዮቲክ ደካማውን ባክቴሪያ አጥፍቶ ብርቱውን ያስቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ባክቴሪያው ጠፍቶ በቦታው ካንዲዳ ወይም አስፐርጂለስ የተባለ ፈንገስ ይገባል፤ ይህም ከመጀመሪያው በሽታ የባሰ ለማዳን የሚያስቸግር ነው። በፈረስ ላይ ደግሞ አንዳንድ አንቲባዮቲክ የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ አናግቶ ለከባድ ተቅማጥ ሊዳርጋት ይችላል። ለእኔ ባዝራዎች መድኃኒት የታዘዘው ላቦራቶሪው የትኛው እንደሚሠራ ካሳየ በኋላ ብቻ ነው፤ የዳማዋ ባክቴሪያ ለፔኒሲሊን የሚሸነፍ ሆኖ ተገኘ፣ እርሱም በሐኪሙ እጅ ለጥቂት ቀናት ተሰጣት።

ከመድኃኒቱ ይልቅ የጠቀመው ግን እጥበቱ ነው። ከሰው መድኃኒት ቤት የሚገኘው በመርፌ የሚሰጥ 0.9 በመቶ የጨው ውኃ ወይም ሪንገር ላክቴት፣ የሰውነቷን ሙቀት ያህል ሞቅ ተደርጎ፣ በለስላሳ ቱቦ አንድ ሊትር ያህል ወደ ማሕፀኗ ይገባል፤ ከዚያም ቱቦው ዝቅ ተደርጎ ወደ መስታወት ዕቃ ተመልሶ እንዲፈስ ይደረጋል። የወጣው ውኃ የደፈረሰና ነጭ ክር መሰል ነገር ያለበት ከሆነ ሌላ ሊትር ይጨመራል፤ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል። የገባውን ያህል መውጣቱን መለካት ተገቢ ነው፤ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ራሱ ችግሩን መልሶ ያመጣዋልና። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ከ10 እስከ 20 ዩኒት ኦክሲቶሲን ወጋት፤ ማሕፀኗም ተኮማትሮ የቀረውን አስወጣ። ባዝራዋን ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንሸራሸርም ይረዳታል፤ ቆማ ከምትውል ይልቅ ስትራመድ ፈሳሹ በቀላሉ ይወርዳል።

እጥበቱ ከስሪያ በኋላም ተደግሟል፤ በዚህ ጊዜ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። እንቁላሉን ለማግኘት የሚበቃው የድንጉላው ዘር በ4 ሰዓት ውስጥ ወደ ላይኛው ቱቦ ስለሚደርስ፣ ከዚያ በፊት ቢታጠብ ዘሩ አብሮ ይወጣል፤ በጣም ከዘገየ ደግሞ ባክቴሪያው ጊዜ ያገኛል። እኛ ከተሰረረች በኋላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አጥበን ኦክሲቶሲን አስወጋናት። በተጨማሪም በአንድ ድራት ድንጉላው በተቻለ መጠን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቀርብ አደረግሁ። የባዝራ ድራት ከ5 እስከ 7 ቀን የሚቆይ ሲሆን እንቁላሉ የሚወጣው ሊያበቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሐኪሙ በፊንጢጣዋ በኩል በእጁ እየዳሰሰ ጊዜው መቅረቡን ሲነግረኝ ብቻ ድንጉላውን አመጣሁ። በየቀኑ ማሰረር በአገራችን እንደ ትጋት ይቆጠራል፤ ራሷን ማጽዳት ለሚቸግራት ባዝራ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ስሪያ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ድንጉላውን በተመለከተ የተማርሁት ነገር ብዙ ሰው የሚቃወመው ዓይነት ነው። የድንጉላን ብልት በሳሙና፣ በአዮዲን ወይም በሌላ ፀረ ተህዋሲ ደጋግሞ ማጠብ አይገባም። በቆዳው ላይ ተስማምተው የሚኖሩት ጉዳት የለሽ ባክቴሪያዎች ጎጂዎቹን ቦታ ያሳጧቸዋል፤ እነርሱ በሳሙና ሲጠፉ የባሱት እነ ሱዶሞናስና ክሌብሲዬላ ይተካሉ። ለብ ያለ ንጹሕ ውኃና ጥጥ በቂ ነው፤ በእጥፋቱ ውስጥ የተጠራቀመው እድፍ ቀስ ተብሎ ይነሣል፣ ከዚያም ይደርቃል። በአንድ ባልዲ ብዙ እንስሳ ማጠብ ግን በሽታን በእጅ ማከፋፈል ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ፈረስ በባልዲው ውስጥ አዲስ የላስቲክ ከረጢት እዘረጋለሁ፤ ጓንትም እቀይራለሁ።

ድንጉላ ሳያመው በሽታ እንደሚሸከም ዓለም በደንብ የተረዳው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ አገር ኒውማርኬት በተባለው የፈረስ ማርቢያ ስፍራ ባዝራዎች ከስሪያ በኋላ ብዙ ፈሳሽ እያፈሰሱ መያዝ አቆሙ። ምክንያቱ ከዚያ በፊት የማይታወቅ፣ በኋላ ታይሎሬላ ኢኩዊጄኒታሊስ የተባለ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፤ በማግሥቱ ዓመትም በአሜሪካ ኬንተኪ ታየ። ድንጉላዎቹ አንዳች የሕመም ምልክት ሳይኖርባቸው በብልታቸው እጥፋት ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር። የዚህ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ የሆነውና በ2001 እ.ኤ.አ. ስም የወጣለት ታይሎሬላ አሲኒጄኒታሊስ የተገኘው ደግሞ በወንድ አህዮች ላይ ነው፤ ለበቅሎ ብለን ባዝራን ከአህያ የምናገናኝ ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል። በስሪያ የሚተላለፈው ሁሉ ባክቴሪያ እንዳልሆነም መጨመር አለብኝ። ዱሪን የተባለው በሽታ መነሻው ትራይፓኖሶማ ኢኩዊፐርደም የሚባል ጥገኛ ሲሆን፣ በአርሲና በባሌ ደጋዎች በፈረሶች ላይ መኖሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ መልከ መልካም ድንጉላ ሳይመረመር ወደ ጋጣዬ አይገባም።

ስለ ወሊድ ሰዓት በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ ከዓመቱ ሁሉ ማሕፀን በቀላሉ የሚበከልበት ጊዜ ይህ ነውና። ባዝራ ከወለደች በኋላ እንግዴ ልጇ በ3 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ላም ላይ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ መጠበቅ የተለመደ ስለሆነ፣ ሰው በባዝራም ላይ እንዲሁ ይታገሣል፤ ይህ ትዕግሥት ግን ባዝራን ይገድላል። በማሕፀኗ ውስጥ የቀረው እንግዴ ልጅ ፈጥኖ ይበሰብስና የባክቴሪያው መርዝ ወደ ደሟ ይገባል፤ ከዚያም የሰኮና ውስጠኛ ክፍል ብግነት ይነሣባትና ከሞት ብትተርፍ እንኳ ዕድሜ ልኳን ልታነክስ ትችላለች። አምባላይዋ በጥቅምት በሌሊት ወለደች። ግልገሉ በሰዓቱ ቆሞ ጠባ፤ እንግዴ ልጁ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ሊጠይቁን የመጡ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ «ልጄ፣ እስኪነጋ ታገሥ እንጂ፤ ላሞቹስ ያድሩ የለም?» አሉኝ። ለሐኪሙ ስደውል የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፤ «የባዝራ እንግዴ ልጅ አያድርም፤ መጣሁ፤ እስክመጣ ማንም እንዳይጎትተው» አለ።

አለመጎተቱ የሕክምናውን ያህል ዋጋ አለው። በአካባቢያችን ድንጋይ ወይም አሮጌ ጫማ በእንግዴ ልጁ ላይ አስሮ በክብደቱ እንዲወርድ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሲጎተት ይበጠሳል፣ ጫፉ ውስጥ ይቀራል፣ ደም ሊያፈስስ ወይም ማሕፀኑን ራሱን ገልብጦ ሊያወጣ ይችላል። እኔ ባዝራዋ እንዳትረግጠው የተንጠለጠለውን ጠቅልዬ ከኋላ እግሮቿ ቁርጭምጭሚት በላይ በንጹሕ ጨርቅ አሰርሁት። ሐኪሙ ደርሶ ኦክሲቶሲን ወጋት፤ ብዙም ሳይቆይ በራሱ ወረደ። ከዚያ በንጹሕ ሸራ ላይ በፋኖስ ብርሃን ዘረጋነው። መታየት ያለባቸው ሁለቱ የቀንድ ቅርጽ ያላቸው ጫፎች ናቸው፤ ግልገሉ ከወጣበት ቀዳዳ በቀር ሌላ ቅዳጅ ሊኖር አይገባም። ብዙ ጊዜ ተበጥሶ የሚቀረው ፅንሱ ያልነበረበት የትንሹ ቀንድ ጫፍ ነው፤ የዚያች ቁራጭ መቅረት ብቻ ማሕፀኑን ለመበከል ይበቃል። ሐኪም ወዲያው የማይደርስበት ሰው እንግዴ ልጁን ውሻ በማያገኘው ባልዲ ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቀው እንጂ አይቅበረው።

ከወለደች በኋላ ከ5 እስከ 12 ባሉት ቀናት ውስጥ፣ በአብዛኛው በ9ኛው ቀን ገደማ፣ ባዝራ እንደገና ድራት ታሳያለች። ብዙዎች ይህን ድራት እንደ በረከት ቆጥረው ወዲያው ድንጉላ ያቀርቡላታል። ወሊዷ ቀና ለነበረች ወጣት ባዝራ ሊሆን ይችላል፤ እንግዴ ልጇ ለዘገየባት፣ ለቆሰለች ወይም ገና ፈሳሽ ላለባት ግን ማሕፀኗ ሳይጸዳ ሌላ ባክቴሪያ መጨመር ነው። እኔ አምባላይዋን እስከሚቀጥለው ድራት፣ ከወለደች አንድ ወር እስኪሆናት ድረስ፣ አቆየኋት። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ የእኛን ባዝራ ከብርሃን ይልቅ ግጦሹ ይገዛታል፤ ስለዚህም አንድ ድራት ማሳለፍ ዓመቱን አያሳጣንም። እርግዝናዋ 11 ወር ገደማ ስለሆነ በኅዳር የያዘች በጥቅምት፣ ጭቃው ሲደርቅና ሣሩ ሲበዛ ትወልዳለች። በሐምሌና በነሐሴ በረግረግ ጋጣ ከሚወለድ ግልገል እትብት ባክቴሪያን መከላከል እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ወሩን መምረጥ ራሱ መከላከያ ነው።

እርጉዟንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ባክቴሪያ በማሕፀን አንገት በኩል ወደ ውስጥ ዘልቆ እንግዴ ልጁን ሲያጠቃ ዋናው ምልክት ጊዜው ሳይደርስ የግቷ ማበጥና ወተት ማንጠባጠብ፣ እንዲሁም ከብልቷ ፈሳሽ መታየት ነው፤ ይህን ያየ ሰው ሳያድር ሐኪም ቢጠራ ግልገሉን ማትረፍ ሊቻል ይችላል። ከዚህ ሌላ ውኃ የተኛበት ግጦሽ ያሳስበኛል። ሌፕቶስፓይራ የተባለው ባክቴሪያ በሽንት ተበክሎ በቆመ ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ባዝራን ያስወርዳል፣ የፈረስን ዓይን እየደጋገመ ያሳምማል፣ ሰውንም ይይዛል። ስለዚህ በክረምት እርጉዞቹን ከሐይቁ ዳር ርቀው ከፍ ባለው መሬት ላይ አስራቸዋለሁ፤ የወረደ ፅንስም ያለ ጓንት ማንም እንዳይነካው ቤተሰቤን በጥብቅ አስጠንቅቄያለሁ።

ዳማዋ ከስፌቱና ከሕክምናው በኋላ ይዛ ወለደች፤ አምባላይዋም ከላይ የነገርሁትን ግልገል ሰጠችን። ጉራቿ ግን አልሆነችም። ሐኪሙ እንደገለጸልኝ ለብዙ ዓመታት የቆየ ብግነት የማሕፀኑን ግድግዳ ጠባሳ ያደርገዋል፤ ጠባሳ የሆነው ክፍል ፅንስን ሊመግብ አይችልም፣ ጠባሳን የሚመልስ መድኃኒትም የለም። እርሷን ለመቀመጫ አስቀርተናታል፤ የሌሎቹን ጉድለት ቀድሞ ለማየት የሚያተጋኝም የእርሷ ነገር ነው። በመዝገቤ ላይ አሁን አጥብቄ የማየው ቁጥር በሁለት ድራቶች መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ባዝራ በተለመደው 21 ቀን ፈንታ በጣም ቀድማ ስትመለስ ማሕፀኗ መቆጣቱን ሊያመለክት ይችላልና፣ ያን ጊዜ ድንጉላ ሳይሆን ሐኪም እጠራለሁ።

አንድ ሰው ጋጣውን ብቻ ቢጠብቅ ድንጉላው ግን የጋራ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ስለሆነ፣ ከጎረቤቶቼና ከድንጉላው ባለቤት ጋር ተነጋግረናል። ፈሳሽ የሚታይባት ባዝራ ወደ ድንጉላው አትቀርብም፤ ባለፈው ዓመት ያልያዘች ባዝራ ናሙናዋ ሳይታይ አትሰረርም፤ ከገበያ የተገዛች ደግሞ አንድ ድራት በትዕግሥት ትጠበቃለች። የናሙናውን ወጪ ባለ ባዝራውና ባለ ድንጉላው እኩል ይከፍላሉ። የበቅሎ ማስወለጃ አህያው ባለቤት ገና አልተስማሙም፤ አህያቸው ታሞ እንደማያውቅ ይናገራሉ፤ የአህያ ድንጉላም ሳያመው ሊሸከም እንደሚችል ሐኪሙ ራሱ እንዲያስረዳቸው ከኅዳር በፊት ቀጠሮ ይዘናል።